ምንም የማይጭን ሞተር ሳይክል

ወዳጄ በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት አውሮራ ከተማ ውስጥ ባለው ቤቱ ጋራዥ ሁለት የበረዶ ወቅቶች ሙሉ ሲታገልበት የቆየውን ሞተር ሳይክል ለመጀመሪያ ጊዜ ያስነሳ ዕለት፣ እናቱ ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና ሁለት ሳምንታቸው ነበር። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው በሩ አጠገብ ቆሙና ጢሱ እስኪበተን ጠበቁ፤ ከዚያም ቀስ ብለው ገብተው ዙሪያውን አንድ ጊዜ ዞረው ካዩት በኋላ «ለመሆኑ ይሄ ምን ይጭናል?» ሲሉ ጠየቁ። ልጃቸው ሣቀ። እኔም አብሬው ሣቅሁ፤ ነገር ግን ያን ማታ ወደ ቤቴ ስነዳ ጥያቄው አብሮኝ መጣ፤ ይህን ጽሑፍም የጀመርኩት ለእሳቸው የሚሆን መልስ ስፈልግ ነው።

የእናትየው ጥያቄ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። በልጅነቴ የማውቀው ብቸኛ ሞተር ሳይክል የግብርና ባለሙያ የነበሩት አባቴ ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞሩበት ያማሃ ኤጂ 100 ነበር። ካቴናው ጭቃ እንዳይነካው ሙሉ በሙሉ በሽፋን የተዘጋ፣ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ የተበጀለት፣ ማሳ ዳር በየትኛውም ጎኑ እንዲቆም በግራም በቀኝም መቆሚያ እግር የተሠራለት ነበር። መቶ ሲሲ እንኳን በማይሞላ ሞተሩ አባቴን፣ ከኋላ መጫኛው ላይ የታሰረ የምርጥ ዘር ከረጢት፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ በመሐል የተሸጎጥኩትን እኔን ይዞ ዳገቱን ይወጣል። ያንን ሞተር ሳይክል የነደፉት ሰዎች እያንዳንዱን ቡሎን ሲያስሩ «ይህ ለማን ምን ይጠቅማል?» ብለው እንደጠየቁ ከሩቅ ያስታውቃል። ወዳጄ ግን ሲሠራ ያንን ጥያቄ አንድ ጊዜም አልጠየቀም።

መነሻው በ1990ዎቹ መጨረሻ የተመረተ ሱዙኪ ባንዲት 1200 ነው (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 1,157 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ በአየርና በዘይት የሚቀዘቅዝ፣ ሲወለድ መቶ ገደማ የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ነው። ይህ ሞተር ከፈጣኑ የሱዙኪ ሞተር ሳይክል ከጂኤስኤክስ-አር 1100 የወረደ ሆኖ ጉልበቱ ለመንገድ ሲባል የተቀነሰለት በመሆኑ፣ ውስጡ ከሚሰጠው በላይ መሸከም እንደሚችል በሙያው ያለ ሁሉ ያውቃል፤ በየጋራዡ ቱርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሚገጠምለትም በዚሁ ምክንያት ነው። ወዳጄም ቱርቦውን ያገኘው ከተጋጨ ሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ መኪና ነው። ሱባሩ በየመንገዱ በሚርመሰመስበት በኮሎራዶ እንዲህ ያለ ቱርቦ ከአሮጌ መኪና መጣያ ማግኘት ሱማሌ ተራ ገብቶ የቶዮታ ፋኖስ እንደመጠየቅ ያለ ቀላል ነገር ነው።

የጭስ ማውጫ ቱቦዎቹን ራሱ በየዳቸው። ቱርቦው ከሞተሩ ፊት፣ ከፊት ጎማው ጀርባ ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል፤ ጎማው ዝናብና ጠጠር ወደ ኋላ በረጨ ቁጥር የጋለ ብረቱ ላይ ያርፋል ማለት ነው። የሁለተኛ ሰው መቀመጫ ተነስቶ በቦታው ፓምፕና ሽቦ ገብቷል። የኋላ ጎማውን የያዘው ክንድ ፊቱ እንዳይነሳ ተብሎ ወደ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ስለረዘመ፣ ከጋራዡ ለማውጣት ወደፊትና ወደኋላ ሦስት ጊዜ መግፋት ያስፈልጋል። ማርሚታ የሚባል ነገር የለውም። ጎረቤቶቹ እስካሁን ፖሊስ አለመጥራታቸው እናቱ በየበዓሉ ለሚልኩላቸው ዳቦ የተከፈለ ውለታ ይመስለኛል።

ቱርቦ ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሞተር ነዳጅ አቃጥሎ የሚጥለው ጋዝ ገና ትኩስና ግፊት ያለው ስለሆነ፣ ሲወጣ ትንሽ መዘውር እንዲያሽከረክር ይደረጋል፤ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ላይ ያለ መዘውር ደግሞ ከውጭ አየር እየሳበ ጨምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ብዙ አየር ከገባ ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ይቻላል፤ ብዙ ነዳጅ ከተቃጠለ ጉልበት ይጨምራል። ዘንጉ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ ይሽከረከራል። ሐሳቡን አስቀድሞ በ1905 የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡቺ ነው።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች ይህ መሣሪያ የተለየ ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች አየሯ ከጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ እዚያ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ገደማ ይነጠቃል። ጣርማ በርን ሲወጣ እያቃሰተ የቆመ አሮጌ የጭነት መኪና ያየ ሰው ይህን ያለ ቁጥር ያውቀዋል። አውሮራ ደግሞ 1,600 ሜትር ላይ ናት። ሰማዩ በጠራ ቀን ከዚህ ወደ ደቡብ ሲታይ ፓይክስ ፒክ የተባለው ተራራ ይታያል፤ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ በ1918 ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ጭኖ የወጣው ወደዚያ ተራራ ጫፍ ነበር። ታች ሜዳ ላይ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር 4,300 ሜትር ላይ ወደ 230 ወረደ፤ ቱርቦው ሲገጠምለት ግን 356 ሰጠ። ቱርቦ ማለት መጀመሪያ ተራራ የወሰደውን ማስመለሻ እንጂ የጉራ ዕቃ አልነበረም።

ወዳጄ ይህን ታሪክ ከእኔ ከሰማ ወዲህ መከራከሪያ አድርጎታል። «ጋሼ፣ እኔ እኮ የጨመርኩት ነገር የለም፤ ተራራው የወሰደብኝን ነው ያስመለስኩት» ይለኛል። እኔም «ለማስመለስ 0.2 ባር የአየር ግፊት ይበቃህ ነበር፤ ያስገባኸው 0.6 ነው፤ የቀረው ወለድ ነው ወይ?» እለዋለሁ።

ሥራው ውስጥ የገባሁት በጢሱ ምክንያት ነው። ሞተሩ ተነስቶ ለጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ ከጭስ ማውጫው ነጭ ሰማያዊ ጢስ መትፋት ይጀምራል፤ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ወዳጄ የቱርቦው የውስጥ መዝጊያ አልቋል ብሎ ቱርቦውን ቀየረ፤ ሁለተኛውም እንደዚያው አጨሰ፤ ሦስተኛ ሊገዛ ሲል ደወለልኝ። ሄጄ መጀመሪያ ያየሁት ቱርቦውን ሳይሆን የተሰቀለበትን ከፍታ ነው። ቱርቦ ዘይት የሚቀበለው ከሞተሩ በግፊት ነው፤ ካለሰለሰው በኋላ ግን ዘይቱ አረፋ ሆኖ በራሱ ክብደት ብቻ እየፈሰሰ ወደ ሞተሩ ሆድ መመለስ አለበት። መኪና ላይ ቱርቦው ከዘይት ቋቱ በላይ ስለሚሰቀል ይህ ችግር አይታይም። የወዳጄ ቱርቦ ግን ቦታ ታጥቶ ከዘይቱ ልክ በታች ወርዷል። የመመለሻውን ቱቦ ፈታሁና ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ አስገብቼ ሞተሩን አስነሳሁት፤ ዘይቱ ላስቲኩ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ወጥቶ ቆመ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተመልሶ ወረደ። ወዲያው ጢሱ መጣ። ወዳጄ ተንበርክኮ ላስቲኩን እያየ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። «ቱርቦው ጤነኛ ነው፤ አንተ ነህ ውኃ ሽቅብ እንዲወርድ የጠየቅኸው» አልኩት። መፍትሔው ዘይቱን መጥጦ የሚመልስ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነበር፤ የኋላ መቀመጫው የሄደውም ለእሱ ሲባል ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚህ ይልቅ ብዙ ብር በላ። ባንዲቱ ነዳጅ የሚቀበለው በአራት ካርቡሬተር ነው፤ ቱርቦው አየሩን በእነሱ በኩል ሲገፋ የካርቡሬተሮቹ የነዳጅ ጎድጓዳም ያንኑ ግፊት ካላገኘ ነዳጁ መውረዱን ትቶ ወደ መጣበት ይገፋል። አየር በዝቶ ነዳጅ ሲያንስ እሳቱ ከልክ በላይ ይግላል፤ ጉልበቱ በጣም የሚያስፈልግበት ሰዓትና ነዳጁ የሚጠፋበት ሰዓት አንድ ይሆናሉ። ወዳጄ ከግፊቱ ጋር አብሮ የሚጨምር የነዳጅ መቆጣጠሪያ መግጠም እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ አዝዞትም ነበር፤ ዕቃው እስኪመጣ ግን መታገስ አልቻለም። የሦስተኛው ሲሊንደር ፒስተን መሐሉ ላይ እንደ ጧፍ ቀልጦ አንድ ብር ሳንቲም የሚያሳልፍ ቀዳዳ ወጣለት። ያ ፒስተን አሁን ጠረጴዛዬ ላይ የወረቀት መጫኛ ሆኖ ተቀምጧል፤ የቀዳዳው ጠርዝ ከንፈር ይመስል የለሰለሰ ነው፣ እጄን ሳላሳርፍበት ማለፍ አልችልም። ሞተሩ ሲታደስ የመጨመቂያውን ልክ ለማውረድ ከሲሊንደሮቹ ሥር ወፈር ያለ ሳህን ገባበት፤ ይህ መጀመሪያ መሠራት የነበረበት ነገር ነው።

እንግዲህ ሰው «አይረባም» ሲለው የምሰማው ይህንን ሁሉ ነው፤ ዘይቱን፣ ፒስተኑን፣ ወጪውን። በሐበሻ ካፌ ቡና ላይ የሚቀመጡ ጓደኞቻችን በዚያ ገንዘብ አዲስ አበባ ውስጥ ምን ምን ሊሠራበት ይችል እንደነበር ሲቆጥሩለት አምሽተዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጭነት መኪና እየነዳ ከዴንቨር ካሊፎርኒያ ሲመላለስ ሳምንቱን የሚያሳልፍ ሰው፣ በእረፍት ቀኑ ብረት ሲበይድ ቢውል ገንዘቡ የጠፋበት ሁሉ እሱ የገዛው ነገር ነው። አለመጥቀሙ ለእኔ ጥፋት አይደለም። ቅሬታዬ ሌላ ነው፤ ጉልበቱ የሚመጣበት ሰዓት ላይ ነው።

ይህን ከወዳጄ በፊት የጃፓን ፋብሪካዎች ተምረውታል። ካዋሳኪ በ1978 ዜድ ዋን አር-ቲሲ የተባለውን ቱርቦ የተገጠመለት ሞተር ሳይክል አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ ያቀረበው ያለ ዋስትና ነበር፤ ሻጩ ራሱ ዕቃውን እንደማያምነው ከዚህ በላይ ግልጽ መናገሪያ የለም። ከዚያ ሆንዳ በ1982 ሲኤክስ 500 ቱርቦን አወጣ፤ 497 ሲሲ ሞተሩ ያለ ቱርቦ ከሚሰጠው 50 ገደማ የፈረስ ጉልበት ወደ 82 ከፍ አለ፤ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫም ነበረው። ያማሃም ሱዙኪም ተከተሉ። ከሁሉም ጥሩው ቱርቦው ለሞተሩ ቀርቦ የተሰቀለበትና 112 የፈረስ ጉልበት የነበረው የካዋሳኪ ጂፒዜድ 750 ቱርቦ ነው። አራቱም ኩባንያዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነገሩን ተዉት። ለመተዋቸው የውድነቱና የክብደቱ ድርሻ ቢኖርም፣ በጣም የሚያስቀው ምስክር ግን ከካዋሳኪ ቤት የወጣው ነው፤ በ1984 የመጣው ጂፒዜድ 900 አር ቱርቦ ሳይኖረው ያንኑ ጉልበት ሰጠ፤ ይሰጥ የነበረውም እጅ ነዳጅ በሰጠበት ቅጽበት ነበር።

ቱርቦ የሚነቃው በጋዝ ስለሆነ፣ ነጂው ነዳጅ በሰጠበትና ጉልበቱ በደረሰበት ሰዓት መካከል ክፍተት አለ። መኪና ላይ ይህ ክፍተት ማናደድ እንጂ ሌላ አያመጣም፤ አራት ጎማ መሬት ረግጧል፣ መኪናው ዘግይቶ ቢፈናጠርም ቀጥ ብሎ ነው የሚፈናጠረው። ሞተር ሳይክል ግን የሚዞረው ተጋድሞ ነው። መታጠፊያ ውስጥ ያለ ነጂ ሕይወቱን የያዘው ጎማው መሬት በሚነካበት መዳፍ በምታክል ቦታ ላይ ሲሆን፣ ያቺ ቦታ የምትችለውን ያህል ጉልበት በቀኝ አንጓው እየለካ ይሰጣታል። ቱርቦው ይህን ልኬት ያፈርሰዋል። ነጂው ትንሽ ይጠይቃል፣ ምንም አይመጣም፤ ትንሽ ይጨምራል፣ አሁንም የለም፤ ከዚያ የቅድሙም የአሁኑም በአንድነት ይመጣል። ዕዳው ተጠራቅሞ የሚከፈለው ሰውየው ጎኑን መሬት ላይ ሊያሳርፍ ጥቂት ሲቀረው ነው። ካዋሳኪ በ2015 ኒንጃ ኤች 2ን ሲያወጣ አየር መጫኛውን በጋዝ ሳይሆን በማርሽ ከሞተሩ ጋር ያሰረው ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ሞተሩ ሲዞር እሱም ይዞራል፣ የሚጠበቅ ነገር የለም።

ስለዚህ ቱርቦ ያለው ሞተር ሳይክል ቦታው ቀጥ ያለ መንገድ ነው። እዚያ ያደረገውን ደግሞ መካድ አይቻልም። አሜሪካዊው ቢል ዋርነር በ2011 ሜይን ግዛት ውስጥ ባለው የቀድሞው የሎሪንግ አየር ኃይል ጣቢያ ላይ ቱርቦ በገጠመለት ሱዙኪ ሀያቡሳ በአንድ ማይል ተኩል ርቀት ብቻ 311 ማይል በሰዓት፣ ማለትም 500 ኪሎ ሜትር በሰዓት አለፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ሜዳ ላይ ሌላ ክብረ ወሰን ሲሞክር ሞተ። ወዳጄ የመጀመሪያውን ዓመት በቃሉ ያውቀዋል፤ ሁለተኛውን እኔ ነኝ የነገርኩት።

ነድቼዋለሁ፤ አልነዳሁትም ብል ይህ ሁሉ ወሬ ዋጋ የለውም። ከከተማው በስተምሥራቅ ባለው ሜዳ የወዳጄ የሥራ ባልደረባ የግል ይዞታ ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥ ያለ አስፋልት አለ። በሁለተኛ ማርሽ 3,000 ዙር ላይ ሆኜ ነዳጁን ከፈትኩት፤ ከተለመደው ባንዲት የሰነፈ፣ ጉንፋን የያዘው ዓይነት ነገር ነበር። በ4,000 ገደማ ከጉልበቴ ሥር ማፏጨት ጀመረ። ከ5,000 ወዲህ ያለውን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም፤ አንገቴ ወደ ኋላ መሄዱን፣ ፍሪሲዮኑ መንሸራተቱንና ሞተሩ ባዶውን መጮሁን፣ ከዚያ ፍሪሲዮኑ ሲይዝ የፊት ጎማው እንደቀለለ አስታውሳለሁ። ነዳጁን ስዘጋ የታመቀው አየር በአንድ ጊዜ «ጵሽ» ብሎ ወጣ። ፍሬኑን ስይዝ ደግሞ የ1990ዎቹ ፍሬን ነው፤ አስፋልቱ ከማለቁ በፊት ቆምኩ፣ ብዙ ግን አልተረፈኝም። ራስ ቁሬን ሳወልቅ ወዳጄ «እንዴት ነው ጋሼ?» አለኝ። ስሣቅ እንደነበር የተረዳሁት ጉንጬ ስላመመኝ ነው።

«ፍሬኑን ሳትቀይር አንድ ሜትር አትሄድበትም» አልኩት። ከእሱ ጋር የተጣላሁበት ብቸኛ ጊዜ ይህ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለመሄድ እንጂ ለመቆም አንድ ቀን እንኳን አላሰበም ነበር፤ ይህ ደግሞ በየጋራዡ የሚሠሩት ሁሉ የጋራ በሽታ ነው። ያዩትን ሰዎች ሁሉ ስንት የፈረስ ጉልበት እንዳለው ሲጠይቁት ሰምቻለሁ፤ በስንት ሜትር እንደሚቆም የጠየቀ አላጋጠመኝም። የሞተር ሳይክሉን የፊት ክፍል ከነፍሬኑ ከአዲስ ሞዴል ሱዙኪ አውጥቶ እስኪገጥም ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ሦስት ወር ቆየ። ለከተማ መንገድም እንዳያወጣው ተስማምተናል፤ ኢንሹራንሱም ከእኔ ጋር ተስማምቷል።

ዴንቨር አጠገብ ከ1958 ጀምሮ የነበረው የባንዲሚር መወዳደሪያ በ2023 ስለተዘጋ፣ ቀጥ ያለ መንገድ ለመሮጥ አሁን ወደ ደቡብ ፑዌብሎ ድረስ መውረድ ያስፈልጋል። ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ልንወስደው ፒክ አፕ አቀረብን። ሞተር ሳይክሉን በሳንቃ ላይ ገፍተን አወጣነው፤ ረጅሙ ክንዱ ስላላስገባን የፒክ አፑ የኋላ በር ክፍት ሆኖ በአራት ማሰሪያ ወጠርነው። እናቱ የመንገድ ቆሎና በፔርሙዝ ሻይ ይዘው ወጡ። የታሰረውን አዩ፣ ፒክ አፑን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ።

«ምን ይጭናል ብዬ ነበር» አሉ፤ «ለካ የሚጫነው እሱ ኖሯል!»